ግቢያችን ያለውን የ49 ዓመት ዘንባባ እንንቀለው ወይስ እንቁረጠው?

የቀበና ልጅ
የካቲት 11፣ 2017

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ።

ቤታችን ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ ውስጥ ለውስጥ ነው። አባቴ በ1968 የሠራው የጭቃ ቤት አርጅቷል። ጣሪያው ያፈሳል፣ የጓሮው ግድግዳ ሆዱን ገፍቷል። ከወንድሞቼ ጋር ስንት ዓመት አዋጥተን አሁን ጂ ፕላስ ዋን ልንሠራ ነው። ፕላኑ አልቋል፣ ፈቃዱም ወጥቷል። ችግሩ ግቢው ውስጥ ያለው ዘንባባ ነው።

አባቴ የተከለው ቤቱ ባለቀ ዓመት ነው። ግንዱ አንድ ነው፣ በጣም ወፍራም። ባቅፈው ጣቶቼ አይገናኙም። ትናንት በሜትር ለካሁት፤ ዙሪያው 1 ሜትር ከ90 ነው። ቁመቱ ግንዱ ብቻ 9 ሜትር ያህል ይሆናል። ድሮ ቅጠል የነበረባቸው ቦታዎች ግንዱ ላይ ምልክት ትተዋል፤ ከታች እስከ ላይ የአዞ ቆዳ ይመስላል። ብርቱካንማ ፍሬ ያፈራል። ልጆች ሆነን እንልሰው ነበር፣ ከላዩ ስስ ነገር አለው፣ የቀረው ዘር ብቻ ነው።

የአዲሱ ቤት አንዱ ኮለን (ምሰሶ) የሚቆምበት ጉድጓድ ከግንዱ 40 ሳንቲ ላይ ያርፋል። ፎርማኑ «በአንድ ቀን ቆርጠን እናወጣላችኋለን» አለን። ሌላ የግቢ ማስዋብ ሥራ የሚሠራ ሰው ደግሞ መጥቶ አይቶ «ነቅለን እዚያ ጥግ እንተክለዋለን» አለ። የጠየቀን ዋጋ ለሶሌታው ብረት ከያዝነው ገንዘብ ይበልጣል። ይጸድቃል ወይ ስለው «እግዜር ያውቃል» አለኝ። እሱስ ልክ ነው፣ ግን ያን ያህል ብር ከማውጣቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ ብዬ ነው።

እማዬ 78 ዓመቷ ነው። ስለዛፉ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረችም። ግን ጠዋት ጠዋት ወንበሯን አውጥታ ሥሩ ነው የምትቀመጠው። በሆሳዕና ዋዜማ የሰፈሩ ሰው ዝንጣፊ ፍለጋ የኛን በር ያንኳኳል። እሷ ናት ቆማ የምታድለው። ወንድሞቼ ሁለት ቦታ ተከፍለዋል። ቁፋሮው ግንቦት ላይ ይጀመራል፣ እስከዚያ መወሰን አለብን።

ምን ትላላችሁ?


ሰባ ደረጃ
የካቲት 11፣ 2017

እኔ ብሆን እቆርጠዋለሁ እህቴ። ዛፍ ጠልቼ አይደለም፣ ፒያሳ ያደግኩበት ግቢ ውስጥ ትልቅ የሾላ ዛፍ ነበረ፣ እስካሁን በሕልሜ ይመጣል። ግን የሚያፈስ ቤት ውስጥ ያሉት እናትሽ ናቸው። ያ ሁሉ ገንዘብ ለአንድ ዛፍ ወጥቶ ቤቱ ሊሾ ሳይደረግ ቢቀር ማን ደስ ይለዋል? ያውም ይጸድቅ አይጸድቅ ሳይታወቅ።

በዚያ ብር መስኮቱን በደንብ አሠሩ። ግቢው ሲጸዳ ደግሞ ሌላ ዛፍ ትተክላላችሁ። አባትሽም ቢኖሩ ቤቱ እንዲያልቅ ነበር የሚፈልጉት ብዬ አስባለሁ።


የአዋሬ ልጅ
የካቲት 12፣ 2017

የኛን ልንገርሽ፣ ከመክፈልሽ በፊት ስሚኝ።

ከአራት ዓመት በፊት አጥር ስናስፋ ግቢያችን የነበረውን ዘንባባ አስነቀልን። ካንቺው ያነሰ ነበር፣ ግንዱ 4 ሜትር ቢሆን ነው። ሥራውን የያዘው ሰው ሥሩን ግንዱ ሥር ድረስ ቆራርጦ አወጣው። ነፋስ እንዳይጥለው ብሎ ግንዱን ግማሽ ሜትር መሬት ውስጥ ቀበረው። አጣና ደግፎ በረዥም ሚስማር ግንዱ ላይ መታው። ሁለት ቀን ውኃ አጠጣና ሄደ።

እኛ ጸደቀ ብለን ደስ አለን። ስድስት ወር ሙሉ አረንጓዴ ነበር። ጎረቤት እየመጣ ያደንቅ ነበር። ከዚያ መሀሉ ያለው ቀጥ ያለው አዲስ ቅጠል ቡናማ ሆነ። እጄን ዘርግቼ ሳብ ሳደርገው ወጣ። ልክ ከሰም እንደሚወጣ ክር ነው የወጣው። ጫፉ እርጥብ ነው፣ ይሸታል፣ የበሰበሰ ሥጋ ሽታ። ሌሎቹ ቅጠሎች ግን ገና አረንጓዴ ናቸው! ሞቶ ነው ለካ ቆሞ የነበረው።

ከዚያ ለማስቆረጥ እንደገና ከፈልን። ሁለት ጊዜ ከፍለን ዛፉንም አጣን። እናቴ እስከ ዛሬ በዚያ በኩል ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። ነገሩ አይቻልም አልልም። አላዋቂ ከነካው ግን ከመቁረጥ ይብሳል።


አትክልተኛው
የካቲት 13፣ 2017

ሠላሳ ዓመት ያህል በአትክልት ሥራ ቆይቻለሁ። ዘንባባ ነቅዬ ተክያለሁ፣ የጸደቀም የሞተም አለ። ስለዚህ ልጄ፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ፣ የተናገርሽው ዛፍ የኛ አገሩ ዘንባባ አይመስለኝም። ያገራችን ዘንባባ ከአንድ ቦታ ብዙ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ግንዱ ቀጭን ነው፣ ጎንበስ ይላል፣ ወንዝ ዳር ይወዳል። ያንቺ አንድ ወፍራም ግንድ፣ የአዞ ቆዳ የሚመስል፣ ብርቱካንማ ፍሬ ካለው የካናሪ ዘንባባ ነው። የተምር ዘመድ ነው። የመጣው ከካናሪ ደሴቶች ነው፣ ለአዲስ አበባ አየር ግን ተስማምቶታል። ፍሬ ካፈራ ሴት ናት። እነሱ ወንዱም ሴቱም ለየብቻ ዛፍ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ዘንባባን እንደ ጥድ ወይም እንደ ወይራ አታስቢው። ለበቆሎና ለእንሰት ነው የሚቀርበው። ግንዱን ብትቆርጪው የዓመት ቀለበት አታገኚበትም፤ ዕድሜውን ቆጥሮ የሚነግርሽ የለም። ግንዱ ከቆሰለም አይሽርም። ወይራ ብትቆስል ቅርፊቱ እየከበበ ይደፍነዋል፣ ዘንባባ ግን ዛሬ የገባበት ሚስማር ቀዳዳ እስኪሞት አብሮት ይኖራል። የአዋሬው ልጅ የተናገረው ሚስማር ትልቅ ጥፋት ነው።

ሁለተኛ፣ ሕይወቱ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። አናቱ ላይ፣ ከቅጠሎቹ መሀል። እዚያ ያለችው እንቡጥ ከተጎዳች ሌላ ቦታ አያቆጠቁጥም። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ይወጣል፣ ይሄ ግን አይወጣም። ሲጫን አናቱ ከተንገጫገጨ ወይም ከወደቀ አለቀ።

ሦስተኛ ሥሩ። ሥሩ የሽንኩርት ሥር ነው የሚመስለው፣ በጣም ብዙ፣ ሁሉም ከግንዱ ግርጌ የሚወጣ። አንዱም እንደ ሌላ ዛፍ ሥር እየወፈረ አይሄድም። ሲነቀል የተቆረጠው ሥር አብዛኛው ይሞታል፤ ከግንዱ ግርጌ አዲስ ማብቀል አለበት። ያ ወራት ይፈጃል። እስከዚያ የሚኖረው ግንዱ ውስጥ ባጠራቀመው ውኃና ምግብ ነው። ለዚህ ነው የሞተው ዘንባባ ስድስት ወር አረንጓዴ ሆኖ የሚያታልለው።

ብዙ ሰው የማያምነኝ ነገር ደግሞ አለ። ሌላ ዛፍ ሲያረጅ ለመንቀል ይከብዳል፣ ልጅ ሲሆን ይቀላል። ዘንባባ ላይ ይሄ አይሠራም። ገና ግንድ ያላወጣ ትንሽ ዘንባባ ከመሬት ሲነቀል ነው በብዛት የሚሞተው። ግንድ ያለው ስንቅ ስላለው ይሻላል። ስለዚህ የ49 ዓመት ዛፍ ስለሆነ አይጸድቅም የሚል ሰው ካለ አትስሚው። በእውነት ሊጸድቅ ይችላል።

ግን እንዴት? ከግንዱ ዙሪያ ቢያንስ 60 ሳንቲ አፈር ይዞ፣ ወደታች እስከ አንድ ሜትር። የታችኞቹ ቅጠሎች ግማሽ ያህሉ ይቆረጣሉ፣ የላይኞቹ እንቡጧን ከልለው ባንድ ላይ ይታሰራሉ። አዲሱ ጉድጓድ ውስጥ ከዱሮው ልክ እንዳይጠልቅ። አንድ ስንዝር ጠለቀ ማለት ሥር የሚወጣበትን ቦታ ማፈን ነው። ድጋፉ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ በላዩ እንጨት በቀበቶ ታስሮ፣ አጣናው እንጨቱ ላይ ይመታል፣ ግንዱ ላይ አይደለም። ጊዜው ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት ነው። አፈራችን የሚሞቀው ያኔ ነው፣ ሥር ሙቀት ይወዳል። ከዚያ ክረምቱ ይቀበለዋል።

ከተተከለ በኋላ ግን አንድ ዓመት የሚያጠጣ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ማነው? የግቢ ማስዋብ ሰውዬው አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በየሁለት ቀኑ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ግንባታ ላይ ሳላችሁ፣ ለሲሚንቶውም ሮቶው ሳይበቃ፣ ማን ያስታውሰዋል? እኔ ከሞቱብኝ ዛፎች አብዛኞቹ የሞቱት በመነቀላቸው አይደለም፣ በጥቅምትና በኅዳር ተረስተው ነው።


የቀበና ልጅ
የካቲት 13፣ 2017

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለዚህ ሁሉ ጊዜዎን ሰጡኝ። እኔ ሥሩ ቤቱን ይሰነጥቃል ብዬ ነበር የምፈራው። እንግዲህ ከመወሰናችን በፊት ዛፉ ራሱ ጤነኛ መሆኑን በምን ማወቅ እችላለሁ? የታችኞቹ ቅጠሎች ጫፋቸው ቢጫ ሆኗል። የአዋሬ ልጅ፣ ያንተን አንብቤ በጣም አዘንኩ። አመሰግናለሁ ስለነገርከኝ።


አትክልተኛው
የካቲት 14፣ 2017

የታችኞቹ ቢጫ መሆናቸው ብቻውን አያስደነግጥም። ምግብ ሲያንሰው ከአሮጌው ቅጠል እየወሰደ ለአዲሱ ይሰጣል። ስለዚህ ለውበት ብላችሁ ቢጫውን በየጊዜው አትቁረጡ። የደረቀው ብቻ ይውረድ።

አናቱን እዩ። ጠንካራ መሰላል ላይ የሚወጣ ጎልማሳ ፈልጊ። ወፍራም ጓንትና የዓይን መከለያ ያድርግ፣ የቅጠሉ ግርጌ ላይ ያለው እሾህ ከጣት ይረዝማል፣ ከወጋ ያመረቅዛል። መሀል ላይ ገና ያልተፈታ፣ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ የቆመ ነጣ ያለ ቅጠል አለ። እሱን በእጁ ይዞ ቀስ አድርጎ ሳብ ያድርገው። ንቅንቅ ካላለ ልቡ ደህና ነው። ከወጣ ግን ወጪውን እርሽው፣ መቁረጥ ነው።

ከታች ደግሞ ግርጌውን በመዶሻ እንጨት ዙሪያውን ምቺው። ድምፁ ባዶ በርሜል ከመሰለ፣ ወይም ከግንዱ ሥር እንደ ሰሃን የወጣ እንጉዳይ ካለ፣ ውስጡ በስብሷል። ያኔ ሰው ላይም ቤት ላይም ይወድቃል፣ አታቆዩት።

መጋዝ የምትጠቀሙ ከሆነ በፊትም በኋላም በበረኪና ይታጠብ። የካናሪን ዘንባባ ለይቶ የሚገድል ፉዛሪየም የሚባል ፈንገስ አለ፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያዛምተው መጋዝ ነው።


ኦፕሬተሩ
የካቲት 15፣ 2017

ክሬን ነው የምሠራው። ጋሼ ስለ ዛፉ ተናግረዋል፣ እኔ ስለ ክብደቱ ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ዙሪያው 1 ሜትር ከ90 ከሆነ ውፍረቱ 60 ሳንቲ ነው። 9 ሜትር ግንድ ማለት ሁለት ሜትር ኪዩብ ተኩል። ዘንባባ ውኃ የሞላው ነው፣ ሁለት ቶን ተኩል ያዢ። አሁን አፈሩ። ጋሼ እንዳሉት 60 ሳንቲ ዙሪያውን ይዞ ከወጣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ80 ይሆናል፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር። እሱም ሁለት ሜትር ኪዩብ ተኩል ነው፣ ግን አፈር ነው፣ እርጥብ አፈር ከአራት ቶን በላይ ይመዝናል። ቅጠሉን ስትጨምሪ ሰባት ቶን ገብተሻል።

ሰባት ቶን ማንሳት ለክሬን ከባድ አይደለም፣ ዛፉ ሥር ከቆመ። ከራቀ ግን አቅሙ በየሜትሩ ይወርዳል። መንገድ ላይ ቆሞ ክንዱን 15 ሜትር ዘርግቶ ሰባት ቶን የሚያነሳ ማሽን በጣም ትልቅ ማሽን ነው። የቀበናን ውስጥ ለውስጥ መንገድ አውቀዋለሁ። ቅያሱ ስንት ሜትር ነው? ማሽኑ እግሩን ዘርግቶ መቆም አለበት። የመብራት መስመርስ በላዩ ያልፋል ወይ? እነዚህን ሳያይ ዋጋ የነገረሽ ሰው ካለ ሥራውን አያውቀውም።

አፈሩን ቀንሶ ለማቅለል እንዳይሞክሩ። ሲቀል ለኔ ይመቸኛል፣ ዛፉ ግን በዚያው ይሞታል።


የቀበና ልጅ
የካቲት 15፣ 2017

ቅያሱ 3 ሜትር ከ20 ነው። አሁን ወጥቼ ለካሁት። የመብራት መስመሩ ደግሞ ልክ በራችን ላይ ነው የሚያልፈው። ሰውዬው እነዚህን አንዱንም አልለካም፤ ቆሞ አይቶ ነው ዋጋ የነገረን።


መሐንዲሷ
የካቲት 17፣ 2017

ሁላችሁም ዛፉን ስለማንቀሳቀስ ተነጋገራችሁ። እኔ ኮለኑን ስለማንቀሳቀስ ልጠይቅ።

ስትራክቸራል መሐንዲስ ነኝ። ጂ ፕላስ ዋን ቤት ላይ አንድ የጠርዝ ኮለን አንድ ሜትር ከ20 ወደ ውስጥ ማስገባት የማይቻል ነገር አይደለም። ኮለኑ ሲገባ የላይኛው ሶሌታ በካንትሊቨር፣ ማለትም ከሥሩ ምሰሶ ሳይኖር ተንጠልጥሎ፣ ይወጣል፣ የላይኛው ፎቅ ስፋት እንዳለ ይቀራል። የሚቀነሰው ምድር ቤት ላይ ያለው ክፍል ነው። እዚያ የተቀነሰው ቦታ ደግሞ ከላዩ ሶሌታ ያለው በረንዳ ይሆናል። እናትሽ ወንበራቸውን የሚያወጡበት በረንዳ ማለት ነው።

ጋሼ የነገሩን ነገር ለኛ ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው። ሥሩ ካልወፈረ መሠረት አያነሳም፣ ግድግዳ አይሰነጥቅም። ግቢው ውስጥ የቆመው የሾላ ወይም የዋርካ ዛፍ ቢሆን ኖሮ ይሄን አልመክርሽም ነበር።

ቁመቱም ረድቶሻል። ግንዱ 9 ሜትር ከሆነና ቤታችሁ ጣሪያው 7 ሜትር አካባቢ ካለቀ አናቱ ከጣሪያ በላይ ነው። ዛፉ አጭር ቢሆን ቅጠሉ መስኮት ይፍቅ ነበር፣ እሾሁም መኝታ ቤት ይገባ ነበር።

ግን ተጠንቀቁ። «እንገፋዋለን» የሚል የፎርማን ቃል አይበቃም። ቢሙ፣ የሶሌታው ብረት፣ አጠገቡ ያሉት ኮለኖች ጭነት ሁሉ ይለወጣል። ንድፉን የሠራው መሐንዲስ እንደገና አስልቶ ፈርሞ፣ ፈቃድ የሰጠው አካል ተቀብሎት ነው መቆፈር ያለባችሁ። ለንድፍ ማስተካከያው ትከፍላላችሁ፣ ብረትም ትንሽ ይጨምራል። ከክሬኑ ጋር አወዳድሪው።

ሥራው ሲጀመር ደግሞ ዛፉን በቆርቆሮ አጥሩት፣ ከግንዱ ሜትር ተኩል ራቅ አድርጋችሁ። አሸዋና ጠጠር ሥሩ እንዳይከመር። የሲሚንቶ ባልዲና ሚክሰር የታጠበበት ውኃ እዚያ እንዳይደፋ። ሠራተኛ የመብራት ገመድ ሊያስር ሚስማር እንዳይመታበት ከመጀመሪያው ቀን ንገሪ። በቁፋሮው በኩል የተቆረጠ ሥር ካለ እርጥብ ጆንያ አልብሱት፣ ቶሎ ቶሎ ሙሉት።


ሰባ ደረጃ
የካቲት 17፣ 2017

ይሄ እንኳን ሐሳቤን አስለወጠኝ። እኔ ሁለት መንገድ ብቻ ነበር የታየኝ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ ነፋስ ቢመጣስ? ቤቱ ላይ የሚወድቅ ከሆነ እናትየው እዚያ ሥር ናቸው።


አትክልተኛው
የካቲት 18፣ 2017

ተገቢ ጥያቄ ነው። ጤነኛ ዘንባባ ነፋስ ሲመጣ ይታጠፋል እንጂ በቀላሉ አይወድቅም። ግንዱ ውስጥ ክሩ ብዙ ነው፣ ሥሩም በሺህ ነው። ቁፋሮው በአንድ በኩል ብቻ ከሆነና ከሜትር ተኩል ካላነሰ አያሰጋኝም። በአራቱም በኩል ከከበቡት ግን ያሰጋኛል። እኔን የሚያሳስበኝ የደረቀው ቅጠል ነው። አንዱ ቅጠል እስከ አምስት ሜትር ይደርሳል፣ እንጨት ነው፣ ሲወድቅ ሰው ይጎዳል። በዓመት አንድ ጊዜ ይውረድ። አዲሱ በረንዳ ለዚህም ይጠቅማቸዋል።

ከሆሳዕና ጋር ተያይዞም ልናገር፣ አሁን ስለቀረበ። ሰው ነጩን ለስላሳውን ነው የሚፈልገው፣ ቀለበትና መስቀል ለመሥራት ይመቻል። ያልተፈታውን ጦር ግን አታስቆርጡ። ከተፈቱት ከላይኞቹ ላይ ቅጠል ቅጠሉን ልቀሙ፣ ለሰፈሩ ይበቃል።


የቀበና ልጅ
ሚያዝያ 7፣ 2017

ይቅርታ ጠፋሁ። ብዙ ነገር ሆኗል።

መሰላሉ ላይ የወጣው ትንሹ ወንድሜ ነው። ይቆረጥ ሲል የነበረው እሱ ነው። መሀሉን ቅጠል ይዞ ሳበው፣ ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ሳበው። ከዚያ ዝም ብሎ እላይ ቆየ። ምን ሆንክ ስንለው «ከዚህ የአባባ ሱቅ የነበረበት ይታያል» አለ። ሲወርድ ስለመቁረጥ አላነሳም። ግርጌውን እኔ ነኝ በመዶሻ እንጨት የመታሁት፣ ዙሪያውን ሁሉ ድፍን ድምፅ ነው፣ እንጉዳይም የለም።

ክሬኑን ተውነው። ኦፕሬተሩ እንዳልከው ሁለተኛ ሰው አስመጣን፣ ቅያሱን አይቶ «አይገባም» ብሎ ምንም ሳይጠይቀን ሄደ። ንድፉን የሠራልን መሐንዲስ መጀመሪያ አልተደሰተም ነበር፣ ሁለት ሳምንት ፈጀበት፣ ግን ሠራው። ኮለኑ 1 ሜትር ከ20 ገባ። የቁፋሮው ጠርዝ አሁን ከግንዱ 1 ሜትር ከ60 ላይ ነው። የተጨመረው ወጪ ለመንቀል ከተጠየቅነው ሲሶ አይሞላም። ሳሎኑ ጠበበ፣ እውነት ነው። ትልቁ ወንድሜ ስለዚያ እስካሁን ቅር ብሎታል። መኪና ማቆሚያም አይኖረንም።

የተሻሻለው ፕላን ጸድቆ የመጣው ሐሙስ ነው። ቅዳሜ በሆሳዕና ዋዜማ ሰው እንደልማዱ መጣ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጋሼ እንዳሉት ከላይኞቹ ቅጠል ቅጠሉን ለቅመን አዘጋጀንላት። አንዲት ጎረቤት «ይቆረጣል ሲሉ ሰማሁ፣ የመጨረሻው ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። እማዬ እስካሁን ምንም እንዳልነገርናት ነበር የማስበው። «በረንዳ ሊሠሩለት ነው» አለቻት።


አትክልተኛው
ሚያዝያ 7፣ 2017

እሰይ ልጄ። ደስ አሰኘሽኝ።


የአዋሬ ልጅ
ሚያዝያ 8፣ 2017

ለእናቴ አነበብኩላት። ያንቺን እናት ሰላም በይልኝ ብላለች።


የቀበና ልጅ
ሰኔ 3፣ 2017

ቁፋሮው አለቀ። ዛሬ መሠረቱ ተሞላ። አንድ ነገር ላሳያችሁ ፈልጌ ነው የተመለስኩት፣ ፎቶ መጫን ስላልቻልኩ በቃል ልንገራችሁ።

ጉድጓዱ ሲቆፈር ወርጄ አየሁት። በዛፉ በኩል ያለው የአፈር ግድግዳ ላይ ሥሩ ተቆርጦ ይታያል። ቀዩ አፈር ውስጥ እንደ እርሳስ የሚወፍር ሥር፣ አንዱ ካንዱ የማይበልጥ፣ መቶ ይሁን ሁለት መቶ መቁጠር አልቻልኩም። የአንዱን ጫፍ ነካሁት፣ ውጪው ቡናማ ነው፣ ውስጡ ነጭ፣ ውኃ ያዘለ። በጆንያ ሸፍነን ማታ ማታ ውኃ ረጨንበት። ሠራተኞቹ በሦስተኛው ቀን ሳንነግራቸው ራሳቸው ይረጩት ጀመር። ቆርቆሮውም እንደቆመ ነው፣ አንድም ሚስማር አልተመታበትም።

የመሀሉ ቅጠል ደግሞ መፈታት ጀምሯል። ከታች ሆኜ ነው የማየው፣ ግማሹ ተከፍቷል።

ሌላው፣ ከዛፉ ሥር በራሳቸው የበቀሉ ችግኞች ነበሩ፣ ፍሬው ወድቆ የበቀሉ። ቆርቆሮው ሲተከል ስድስቱ መንገድ ላይ ሆኑ። ጋሼ፣ ትንሽ ሲሆኑ ሲነቀሉ ይሞታሉ ብለው ነበር። ምን ላድርጋቸው?


አትክልተኛው
ሰኔ 3፣ 2017

ቁመታቸው ስንት ነው? ሁለት ሦስት ቅጠል ብቻ ካላቸው ችግር የለም፣ እኔ ያልኩት ትልልቅ ቅጠል አውጥቶ ገና ግንድ ያላበጀውን ነው። ነገ ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ በአካፋ ከነአፈራቸው አንሺያቸው። ወደታች የሚወርድ ረዥም ሥር አላቸው፣ እንዳይበጠስ በጥልቀት ቆፍሪ። ረዘም ያለ ፌስታል ውስጥ ከቀይ አፈር፣ ከአሸዋና ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅለሽ ትከያቸው። ጥላ ውስጥ ይቀመጡ። ክረምቱ ለነሱ ጥሩ ነው።


የአዋሬ ልጅ
ሰኔ 4፣ 2017

አንዱን ለኛ ታስቀምጪልናለሽ?


የቀበና ልጅ
ሰኔ 4፣ 2017

ሁለት አስቀምጬልሃለሁ። ስድስቱም ፌስታል ውስጥ ገብተዋል፣ አንዱ ብቻ ሥሩ ተበጥሷል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብትመጣ ቤት ነን፣ እናትህንም ይዘሃቸው ና። ከድልድዩ ሳትደርስ ቀና ብለህ እየው፣ ከሩቅ ይታያል።